ከታጁራ ባሕር እስከ ደንገጎ አቀበት፦ ጀማሪ ጠላቂን በሰንጠረዥ ወይስ በኮምፒውተር እናስተምር?

ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም ባሕር የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሠራ፣ ጀልባ ላይ የዋለ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ እዚያ የሚኖር ሰው በየሰፈሩ አለ። ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሁለት አሰልጣኞች ከዚራ ሰፈር ውስጥ ክፍል ተከራይተው የስኩባ ጠለቃ ማስተማር ጀመሩ ሲባል ብዙ ሰው አልገረመውም። ንድፈ ሐሳቡ ክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ልምምድ በሆቴል ዋና ገንዳ ይደረጋል፤ የማጠናቀቂያው ጠለቃ ደግሞ ጅቡቲ ተወርዶ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በዚህ ትምህርት ውስጥ ድርሻዬ ስለ ግፊትና ስለ ጋዝ የሚያወራውን ክፍል ማስተማር ነው፤ ጅቡቲ አብሬ አልወርድም። ከዚህ በታች የምተርከው በአንድ ዙር ላይ የሆነውን ነው። ከስምንቱም ተማሪዎችና ከሁለቱም አሰልጣኞች ጋር ለየብቻ ተነጋግሬ፣ የጠለቃ መዝገባቸውንና ኮምፒውተሮቹ ያስቀሩትን መረጃ አይቼ ነው የጻፍኩት። ፈቃዳቸውን ሰጥተውኛል፤ ስማቸውን ግን አላነሳም።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንዲህ ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። 20 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ የሚተነፍሰው አየር ባሕር ዳር ላይ ከሚተነፍሰው ሦስት እጥፍ የታመቀ ነው። ከአየር ውስጥ 79 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ሲሆን ሰውነት አይጠቀምበትም፤ ነገር ግን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ልኩን ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል። ከልክ በላይ ቆይቶ ወይም ቸኩሎ ከወጣ ግን ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ያኔ መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል። በስንት ሜትር ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት ይቻላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ የጠለቃ ሰንጠረዥና እጅ ላይ የሚታሰር የጠለቃ ኮምፒውተር።

ሁለቱ አሰልጣኞች

ትልቁ አሰልጣኝ ተወልዶ ያደገው ድሬ ነው፤ ጅቡቲ ግን ለብዙ ዓመታት በጠላቂ ጀልባ ላይ ሠርቷል። ተማሪዎቹ «ኮች» ይሉታል። ከኪሱ የማይለየው የተላላጠ የፕላስቲክ ሰንጠረዥ አለው። «ባትሪ የማያልቅበት ይሄ ብቻ ነው» ይላል። ትንሹ ደግሞ ግብፅ፣ ሁርጋዳ ተምሮ፣ እዚያው ሠርቶ የተመለሰ ነው። እሱ በተማረበት ጊዜ ሰንጠረዥ እንደ ታሪክ ተነስቶ የሚታለፍ ነገር ሆኗል፤ ዛሬ በቀይ ባሕር ዳርቻ አብዛኛው ጀማሪ የሚማረው በኮምፒውተር ነው።

ክርክራቸው የቆየ ነው። ትንሹ፣ «አቦ ኮች፣ አንድም ሰው ከትምህርቱ በኋላ ሰንጠረዥ አውጥቶ ሲያሰላ አይቼ አላውቅም። ለምን ሰዓታቸውን እንበላለን? ያንን ሰዓት ውሃ ውስጥ እናውለው» ይላል። ኮች ደግሞ፣ «ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያልገባው ሰው ቁጥሩን ያምናል እንጂ አያውቀውም» ይላል። በዚያ ዙር ተስማምተው ስምንቱን ተማሪ ለሁለት ከፈሉት። አራቱ በሰንጠረዥ፣ አራቱ በኮምፒውተር እንዲማሩ፣ የእኔ የግፊት ትምህርትና የገንዳው ልምምድ ግን የጋራ እንዲሆን ወሰኑ።

ክፍል ውስጥ

የሰንጠረዡ ቡድን ትምህርቱን የጀመረው በስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልዴን ነው። ሃልዴን በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት የዘመናዊ ሰንጠረዦች ሁሉ መነሻ ነው። ሙከራውን የሠራው በፍየሎች ላይ ነበር። ሰውነት አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ናይትሮጅንን ፈጥኖ የሚቀበልና ፈጥኖ የሚለቅ ክፍል አለው፣ ቀስ ብሎ የሚቀበልና ቀስ ብሎ የሚለቅም አለው የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። ለያንዳንዱ ክፍል «ግማሽ ዕድሜ»፣ ማለትም ግማሹን ለመሙላት ወይም ለመልቀቅ የሚወስድበትን ጊዜ፣ ሰጠው፤ 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 75 ደቂቃ። ተማሪዎቹ ይህን በወረቀት ላይ ራሳቸው እየሳሉ ነው የተማሩት። ለ5 ደቂቃው አንድ መስመር፣ ለ75ቱ ሌላ መስመር እየሳሉ፣ የመጀመሪያው ሽቅብ ሲሮጥ ሁለተኛው እንዴት ወደኋላ እንደሚቀር አዩ። ለእኔ ከዚያ ዙር ሁሉ ምርጡ ትምህርት ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ ካርዱ ተሻገሩ። የተጠቀሙበት ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመዝናኛ ጠለቃ ሰንጠረዥ ነው። 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 20 ሜትር ላይ 45፣ 30 ሜትር ላይ 20 ብቻ ይፈቅዳል። ጥልቀት ሁልጊዜ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይጠጋጋል፤ 18.6 ሜትር የነካ ሰው ሙሉውን ጠለቃ 20 ሜትር ላይ እንዳሳለፈ ይቆጠርበታል። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ የሚነግድ አንድ ተማሪ ይህን ወዲያው ያዘው። ጣቱን በዓምዱ ላይ ወደታች አውርዶ፣ የናይትሮጅን ምድቡን የሚያሳየውን ፊደል ይዞ ካርዱን ገልብጦ፣ ሁለተኛውን ጠለቃ አስልቶ ሲጨርስ ሌሎቹ ገና የመጀመሪያው ላይ ነበሩ። አንዷ ተማሪ ግን ውሃ ላይ ያረፈችበትን ጊዜና ከቀደመው ጠለቃ የተረፈውን ናይትሮጅን እየቀላቀለች ተቸገረች። በድሬ የቀትር ሙቀት፣ አየር ማራገቢያው ወረቀቱን እየገለበጠባት፣ ያንኑ ስሌት ደጋግማ ስትሠራ አይቻለሁ። ትንሹ አሰልጣኝ በበር በኩል እያየ ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን ሐሳቡ ትክክል መስሎ ታይቶኝ ነበር።

የኮምፒውተሩ ቡድን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ክፍሉን ጨርሶ ገንዳ ገባ። ቁልፉን ሲጫኑ የቀረው ደቂቃ ይታያል፤ ፈጥነው ሲወጡ ይጮኻል፤ 5 ሜትር ላይ ለደህንነት ሦስት ደቂቃ ቁሙ ሲል ራሱ ይቆጥራል። በየጥቂት ሰከንዱ ጥልቀቱን ለክቶ እንደገና ስለሚያሰላ፣ ጥቂት ደቂቃ 18 ሜትር ነክቶ የቀረውን 10 ሜትር ላይ ያሳለፈን ሰው እንደ ሰንጠረዡ አይቀጣውም። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን የቀመረውን ስሌት ወይም ከእሱ የተቀዳ ነው። እሱም ሰውነትን በ16 ክፍል ይመድባል፤ ፈጣኑ የ4 ደቂቃ፣ ዘገምተኛው የ635 ደቂቃ ግማሽ ዕድሜ አለው። ስዊዘርላንድ የተራራ ሐይቅ አገር ናትና ቡልማን ከመነሻው ያሳሰበው የከፍታ ጉዳይ ነበር። ይህች ነገር ኋላ ትጠቅመናለች።

ገንዳው ላይ የተነሳች አንዲት ጥያቄ አለች። ከኮምፒውተሮቹ ባንዱ መስኮት ጥግ ላይ ትንሽ የተራራ ምልክት ነበረች። ተማሪው «ይሄ ተራራ ምንድነው?» አለ። ትንሹ አሰልጣኝ፣ «ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ስለሆነች ነው፤ ጅቡቲ ስንወርድ ይጠፋል» ብሎ መለሰ። መልሱ ልክ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር ይህን ራሱ ይለያል፣ አንዳንዱ ደግሞ በእጅ ይሞላል። ጥያቄው ተመለሰ፣ ታለፈ።

ባሕሩ ላይ

በሁለት ቀን አራት ጠለቃ አደረጉ፤ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አካባቢ፣ ከ12 እስከ 18 ሜትር። በዚህ ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለተነሳንበት ጥያቄ የሚነግረን ከጠበቅነው ያነሰ ነውና። መዝገቡን ሁሉ ሳገላብጥ አንድም ተማሪ፣ በሰንጠረዡም ሆነ በኮምፒውተሩ፣ ለተፈቀደው ደቂቃ ጫፍ አልቀረበም። ጀማሪ አየር ይፈጃል። ከናይትሮጅኑ ገደብ በፊት የሲሊንደሩ አየር አልቆ ይወጣል። ሰንጠረዡ ይሻላል ወይስ ኮምፒውተሩ የሚለው ክርክር በዚህ ደረጃ ላለ ተማሪ ውሃው ውስጥ ገና አልተጀመረም።

ቢሆንም ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። የኮምፒውተሩ ቡድን ፈጥኖ መውጣቱን ወዲያው ያውቃል፤ መሣሪያው ይጮኽበታላ። የሰንጠረዡ ቡድን ደግሞ ጥልቀት መለኪያና ሰዓት ብቻ ስለነበረው የወጣበትን ፍጥነት በግምት ነው የሚመዘግበው። ከአራቱ አንዱ ጥልቀቱን «18» ብሎ ሲጽፍ፣ ጓደኛው ላይ የነበረው መለኪያ ከዚያ በላይ ያሳይ ነበር። ሰንጠረዥ ትክክል የሚሆነው የገባለት ቁጥር ትክክል ሲሆን ነው፤ ጀማሪ ደግሞ ከታች ሆኖ የሚያነበው ቁጥር ላይ መተማመን ይከብዳል። በዚህ ጉዳይ ትንሹ አሰልጣኝ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሆነው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ከተከራዩት ኮምፒውተሮች የአንዱ ባትሪ ሞተ፤ ያከራየው ቤትም መለወጫ አልነበረውም። ተማሪው የጓደኛውን ኮምፒውተር እያየ ይጥለቅ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ይህ በፍጹም አይሆንም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ጥልቀት ላይ አይቆዩም፣ ኮምፒውተርም የሚያውቀው የታሰረበትን እጅ ብቻ ነው። ያ ተማሪ ቀኑን ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሊውል ነበር። ያዳነው የታይዋኑ ነጋዴ ነው። የትናንቱን ጥልቀትና ደቂቃ ከመዝገቡ ወሰደ፤ ሌሊቱ ካርዱ ከሚጠይቀው ዕረፍት በላይ መሆኑን አረጋገጠ፤ የዛሬውን ሁለት ጠለቃ በእርሳስ አስልቶ፣ መለኪያና ሰዓት አስይዞ ሰደደው። ኮች በዚህ ምን ያህል እንደተደሰተ መገመት አያቅትም።

ሚኒባሱ

የመጨረሻው ጠለቃ ያበቃው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። ሚኒባሱ የተቀጠረው ለ9 ሰዓት ነበር። ሹፌሩ ኬላው ሳይዘጋ መድረስ ይፈልጋል፤ ወደ 12 ሰዓት ድንበር፣ ምሽት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ድሬ። ከተማሪዎቹ ሁለቱ የሐረር ልጆች ስለሆኑ በዚያው መኪና በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን አቀበት ወጥተው ቤታቸው ሊያድሩ ነበር። አሰልጣኞቹ ሲሊንደርና ዕቃ ለመመለስ ወደ ኪራይ ቤቱ ሄደዋል፤ ስምንቱ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሻንጣ እያሰሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ።

ከኮምፒውተሩ ቡድን አንዱ መስኮቱ ላይ የአውሮፕላን ምልክት አየ፤ ከጎኑም ገና የሚቀሩ ሰዓቶች ይቆጠራሉ። ለጓደኞቹ አሳያቸው። ሁሉም ክፍል ውስጥ የተማሩትን አስታወሱ፤ ምልክቱ እስኪጠፋ አውሮፕላን አይሳፈሩም። «እኛ በመኪና ነው የምንሄደው» አሉና ሻንጣቸውን ማሰር ቀጠሉ።

የሰንጠረዡ ቡድን በበኩሉ ካርዱን አውጥቶ አየ። በዚያ ካርድ ስሌት ውሃ ላይ 6 ሰዓት ያረፈ ሰው ከቀደመው ጠለቃ ነጻ ሆኖ፣ ለሚቀጥለው ጠለቃ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው። «ድንበር ስንደርስ ንጹህ ነን፤ ዳገቱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው» አሉ። እነሱም ማሰር ቀጠሉ።

ሁለቱ ቡድኖች የተማሩት በተለያየ መንገድ ነው፤ የደረሱት ግን እዚያው የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ቡድን ሥዕሉን እንጂ ሥዕሉ ያቆመለትን ነገር አልተማረም። የሰንጠረዡ ቡድን ደግሞ ካርዱ የሚመልሰውን አንድ ጥያቄ፣ «ተመልሼ መጥለቅ እችላለሁ ወይ?» የሚለውን፣ ከሌላ ጥያቄ ጋር አደባለቀው። ካርዱ «ነጻ ነህ» የሚለው ባሕር ዳር ለሚቀር ሰው ነው። የስሌቱ መሠረት የ60 ደቂቃ ግማሽ ዕድሜ ያለው ክፍል ስለሆነ ስድስት ሰዓት ስድስት ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ያ ክፍል በርግጥ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል። በቡልማን ስሌት ያለው የ635 ደቂቃው ክፍል ግን በስድስት ሰዓት ውስጥ የያዘውን ግማሽ እንኳ ገና አልለቀቀም።

ያስቆመቻቸው ከሐረር የመጣችው ነርስ ናት። ሻንጣዋን ስታሰናዳ ከቤቷ ይዛ የወረደችው የውሃ ጠርሙስ እጇ ገባ። ሐረር ላይ ጠጥታ፣ ባዶውን ክዳኑን አጥብቃ ከሻንጣው ኪስ ከትታው ረስታዋለች። ጠርሙሱ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨምድዶ፣ ሰው የረገጠው መስሎ ነበር። ክዳኑን ስትፈታው እስስ ብሎ አየር ሳበና ቀና አለ። ይህን አይታ ደብተሯን ገለጠች። የግፊት ትምህርቱን ዕለት ከሰሌዳው የገለበጠችው ሰንጠረዥ እዚያ አለ፤ ጅቡቲ 1፣ ድሬዳዋ 0.87፣ ሐረር 0.80፣ አዲስ አበባ 0.75 ከባቢ አየር።

ለጓደኞቿ ያለችውን ሁሉም በተመሳሳይ ቃል ነው የነገሩኝ። «አውሮፕላን የከለከሉን አውሮፕላን ስለሆነ ነው እንዴ? ከፍ ስለሚል አይደለም? እኔ ቤቴ እኮ ከፍ ያለ ነው።»

ሹፌሩ ተቆጣ። የነገ ሥራ አለው፣ ለዛሬ ማታ የያዘው ሌላ ጭነትም አለው። «አቦ፣ ዕድሜዬን በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ማንም አሞት አያውቅም» አለ። ልጅቷም፣ «ጋሼ፣ አንተ ባሕር ውስጥ አልገባህም» አለችው። አሰልጣኞቹ ሲመለሱ ክርክሩ ከፍ ብሎ ደረሱ። ትንሹ አሰልጣኝ ጠርሙሱንና ደብተሩን አይቶ ወዲያው ጉዞው ይቅር አለ። ኮች ሹፌሩን ወደ ጎን ወስዶ፣ የሌሊቱን ኪሳራ አካክሶ፣ ለንጋት 12 ሰዓት ቀጠረው። ማታውን እዚያው አደሩ። በማግስቱ በሰላም ገቡ፤ ማንም አላመመውም።

ቁጥሩ ምን ይላል

ማታውኑ ቢሄዱም ምናልባት ማንንም አያመውም ነበር። አደጋው በእያንዳንዱ ጉዞ የሚደርስ አይደለም፤ ሹፌሩም አልዋሸም። ነገር ግን የሚታወቀውን ልክ እያወቁ መጣስና ሳያውቁ መጣስ አንድ አይደለም።

ዳን (ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ) የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከጠለቃ በኋላ ስለ መብረር መመሪያ አስወጥቷል። ሲወጣ መንገድ ላይ የግዴታ መቆም ሳያስፈልገው ለወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተደጋጋሚ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል ይላል። መመሪያው የሚመለከተውን ከፍታ ለይቶ አስቀምጧል፤ ከ2,000 እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ610 እስከ 2,438 ሜትር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ ሐረር 1,885 ሜትር፤ ደንገጎ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ፤ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር። ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው።

አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲሆን የመንገደኛው ክፍል ግፊት እንደ ውጪው አይሆንም፤ እየተሞላ ይያዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያበረው ቦይንግ 787 የመንገደኛ ክፍሉን ከ6,000 ጫማ፣ ማለትም ከ1,829 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን አድርጎ ይይዛል። እንግዲህ ሐረር ጀጎል በር ላይ የቆመ ሰው በዚያ አውሮፕላን ከተቀመጠው መንገደኛ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር በመኪና መግባት፣ ለሰውነት ናይትሮጅን፣ ከመብረር የሚለይበት ነገር የለም። የደንገጎ ገደል ባቡሩንም አስቸግሯል፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዳይወጣና ድሬዳዋ እንድትቆረቆር ያደረገው እሱ ነው። ዛሬ መኪና ያንን ልዩነት ከ55 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ይወጣዋል።

መውረዱ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ሐረር የኖረ ሰው ሰውነቱ የለመደው የናይትሮጅን መጠን ከጅቡቲ ነዋሪ ያነሰ ስለሆነ የመጀመሪያ ጠለቃውን የሚጀምረው ትንሽ ቅሪት ይዞ ነው። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መመሪያ ከጠለቃ በኋላ ወደ ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ቆይታ በጠላቂው የናይትሮጅን ምድብና በየ1,000 ጫማው ከፍታ ከፋፍሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። ለድሬና ለሐረር የሚያስፈልገው ቆይታ አንድ እንዳልሆነ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። የእጅ ኮምፒውተሩ ግን ለሁሉም አንድ የአውሮፕላን ሥዕል ነው ያለው። ይህን ስል ኮምፒውተሩን ለማጣጣል አይደለም፤ የተሠራው ባሕር ዳር ሆቴል አርፎ በአውሮፕላን ለሚመለስ ቱሪስት ነው። ደጋ ላይ የሚኖር፣ በመኪና ወርዶ በመኪና የሚወጣ ጠላቂ በሠሪዎቹ ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። እኛ ግን እንደዚያ ዓይነት ጠላቂዎች ነን፤ ሌላ የለንም።

ከዚያ በኋላ

ሁለቱ አሰልጣኞች ተመልሰው ክፍሉ ውስጥ ሲነጋገሩ ተቀምጫለሁ። «ሰንጠረዥ ቢማሩ ኖሮ» ወይም «ኮምፒውተር ቢማሩ ኖሮ» ማለት ለማንም አላዋጣም፤ ሁለቱም ቡድን ስቷልና። ኮች ካርዱ እንዳላዳናቸው አመነ። ትንሹም የሃልዴንን መስመሮች ራሱ የሚያስተምርበት መንገድ ጠየቀኝ።

የደረሱበት ስምምነት ይህን ይመስላል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ይጠልቃል፤ መጋራት የለም። ውሃ ውስጥ የሚታመነው እሱ ነው። ከኮምፒውተሩ በፊት ግን ግማሽ ቀን እርሳስና ወረቀት አለ፤ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን መስመር መሳል፣ ካርዱን ማንበብ፣ አንድ ተደጋጋሚ ጠለቃ ከነዕረፍቱ ማስላት። የተወሳሰበው የካርድ ልምምድ፣ ያቺን ልጅ ያደከማት ዓይነቱ፣ ቀርቷል። ካርዱ አሁን ሥራው ሁለት ነው፤ ማስረዳትና ባትሪ ሲሞት መተካት። በእኔ ግምት ይህ ልክ ነው። ኮምፒውተር ቁጥሩን ይሰጣል፤ ቁጥሩ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ግን አይነግርም። ካርድም አይነግርም። ይህን የሚያደርገው አስተማሪው ነው፤ ደግሞም በተማሪው መንገድ ላይ፣ በተማሪው ከተማ ስም ካልነገረው ከአንገት በላይ ይቀራል።

ስለዚህ የከፍታው ሰንጠረዥ ከሰሌዳ ወርዶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከጅቡቲ በዓሊ ሳቢህ፣ በድሬ፣ በደንገጎ እስከ ሐረር፣ ወዲያም እስከ አዲስ አበባ። የመጨረሻው ፈተና ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «የመጨረሻ ጠለቃህ በዚህ ሰዓት አበቃ፤ ቤትህ እዚህ ነው፤ መቼ ትነሳለህ?» መልሱ ለሳቢያን ልጅና ለሐረር ልጅ ለየብቻ ይታረማል። ባዶ ጠርሙስ ደግሞ ሁሉም ከቤቱ ዘግቶ እንዲመጣ ይታዘዛል። በዚያው ጉዞ ስለ ውሃ መጠጣትም ይነገራቸዋል፤ ባሕር ዳሩ ሙቀት ነው፣ የደረቀ ሰውነት ናይትሮጅን ለማስወጣት ይዘገያል፣ ጫት ቅመው ውሃ መጠጣት የሚረሱትም ጥቂት አይደሉም።

ያልተስማሙበት ነገር አሁንም አለ። ኮች ቢሾፍቱ ወርዶ በእሳተ ገሞራ ሐይቆቹ ውስጥ ማስተማር ይፈልጋል፤ ጅቡቲ ከመሄድ ለአንዳንዱ ተማሪ ይቀላል። እዚያ ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ጠለቃው ራሱ ከፍታ ላይ ይሆናል። ሐይቆቹ 1,870 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ የላዩ አየር ግፊት 0.80 ነው፤ 18 ሜትር የወረደ ሰው ለሰንጠረዥ ስሌት 22.5 ሜትር እንደወረደ ይቆጠራል፣ ያም ወደ 25 ይጠጋጋል። ባሕር ላይ 56 ደቂቃ የነበረው ፈቃድ ወደ 29 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ከፍታውን ራሱ የሚለይ ከሆነ ይህን ያሰላዋል፤ በእጅ የሚሞላ ከሆነና ጅቡቲ ላይ በባሕር ወለል ተሞልቶ ከቀረ ግን 56ቱን ሊፈቅድ ይችላል። ትንሹ አሰልጣኝ በእጅ የሚሞሉት ከኪራይ እስካልወጡ ድረስ ቢሾፍቱን አልቀበልም ብሏል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

የሚቀጥለው ዙር ተመዝግቧል። የመጨረሻው ጠለቃ ጠዋት ላይ ሆኖ ሁሉም ጅቡቲ አድሮ በማግስቱ ይነሳል፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋው ላይ ተጨምሯል። በጭማሪው ምክንያት ሁለት ሰዎች ስማቸውን ሰርዘዋል። ነርሷ ደግሞ በዚህ ዙር የግፊቱን ትምህርት ከእኔ ጋር ትሰጣለች።